ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች፦ በመካከለኛው ዘመን የቤተ እስራኤል ሴቶች ዕውቀትና የቤተሰብ ሕይወት

(በወልቂጤ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በአንድ ስሕተት እጀምራለሁ፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የጥናት ዕቅድ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ልታጠና የፈለገችው አያቷ በሚኖሩበት መንደር ሴቶች ስለ እንሰት ያላቸውን ዕውቀት ነበር፤ ዝርያውን በምን እንደሚለዩት፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን፣ ይህንንም እናት ለልጇ እንዴት እንደምታስተላልፈው። ዕቅዷን አነበብሁት፤ በኅዳጉም ላይ በቀይ ብዕር «ምንጩ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍሁ። እርስዋም «ምንጬ አያቴ ናቸው» አለችኝ። እኔ ግን የተጻፈ ነገር ያለበት ርእስ እንድትፈልግ መከርኋት። ጎበዝ ልጅ ስለ ነበረች ርእሷን ለውጣ ጥሩ ጽሑፍ ጻፈች፤ በማዕረግም ተመረቀች። በምረቃው ዕለት ስለ አያቷ ብጠይቃት በዚያው ክረምት ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ዛሬ የማቀርበው ንግግር በቀይ ብዕር ለጻፍሁት ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ርእሴም በመካከለኛው ዘመን የቤተ እስራኤል ሴቶች ዕውቀትና የቤተሰብ ሕይወት ነው። «ይህ የስሜን፣ የወገራና የደምቢያ ታሪክ ነው፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ ዘመኑና ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «መካከለኛው ዘመን» ስል በኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት እንደ ተለመደው ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ከተነሣበት ከ1270 አንሥቶ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ። ማኅበረሰቡን «ፈላሻ» ብለው የጠሩት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ስሙም ርስት የለሽነትንና ባይተዋርነትን የሚያሳስብ ስለሆነ ባለቤቶቹ አይወዱትም። እኔም ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ቤተ እስራኤል እላቸዋለሁ። ስለ አመጣጣቸው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማኅበረሰቡ ትውፊት ዘራቸውን ወደ ጥንቷ ኢየሩሳሌም ያደርሰዋል። እንደ ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ክዊሪን ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ዛሬ የምናውቀው የማኅበረሰቡ መልክና ሥርዓት በአብዛኛው በ14ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት መካከል በኢትዮጵያ ምድር እንደ ተቀረጸ ያስረዳሉ። ለዛሬው ጉዳያችን ክርክሩን መቋጨት አያስፈልገንም። በሁለቱም ወገን ቢሆን እነዚህ ሴቶች በዚያ ዘመን በዚህች አገር ኖረዋል፤ ሰንበትን ጠብቀዋል፤ ልጅ ወልደው አሳድገዋል።

እንግዲህ በዘመኑ ስለ እነርሱ ማን ጻፈ? የጻፉት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችና የገዳማት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች፣ አብዛኞቹም የተቃራኒው ወገን ሰዎች። የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ንጉሡ በ1332 ገደማ በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ በሚኖሩ፣ አይሁድን በሚመስሉ ሰዎች ላይ ጦር እንደ ላከ ይናገራል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ይስሐቅ ድል ካደረገ በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ሆኖ እንዲቀር ዐዋጅ እንዳወጣ በትውፊት ይነገራል። ከ1434 እስከ 1468 በነገሠው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ የቤተ እስራኤል ምንኵስና መሥራች የሆኑት አባ ሳብራ እንደ ተነሡ፣ የንጉሡም ልጅ ጸጋ አምላክ ከእርሳቸው ጋር እንደ ተባበረ ማኅበረሰቡ ይተርካል። ንጉሥ፣ አበጋዝ፣ መነኵሴ፤ በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ሴት አትታይም።

አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለች። ሠርጸ ድንግል በ1579 የስሜኑን ገዥ ረዳኢን ሊወጋ ወደ ተራራው ዘመተ። ዜና መዋዕሉ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ምርኮው ብዛት ሲተርክ ቆይቶ ስለ አንዲት ምርኮኛ ሴት ይናገራል። ወታደሩ እጇን ከእጁ ጋር አስሮ እየነዳት ሳለ ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ አዶናይን ለርዳታ ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ የማረካትንም ሰው ይዛው ወረደች። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ቢሆንም ድፍረቷን ሳያደንቅ አላለፈም። ስሟን ግን አልመዘገበም።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ጀግንነት ስንናገር ነው። እኔ ዛሬ ስለ ዕውቀት ስናገር ልጠቅሰው እወዳለሁ። በዚያች ቅጽበት ከአፏ የወጣው ቃል አዶናይ ነው። ይህ የገበያ ቃል አይደለም፤ የጸሎት ቃል ነው። ቤተ እስራኤል በዘመኑ ለዕለት ኑሮ በአገውኛ ይናገሩ ነበር፤ ጸሎታቸው በግእዝና በአገውኛ የተሠራ ሲሆን አዶናይ የሚለው መለኮታዊ ስምም በውስጡ ይገኛል። ሴቲቱ ያንን ስም ከሕፃንነቷ ጀምራ ሰምታዋለች፤ ሰምታም የራሷ አድርጋዋለች። ታዲያ «ያልተማረች» ልንላት እንችላለን?

ሁለተኛዋን ሴት የምናገኛት በኢትዮጵያ ምድር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ዳዊት ኢብን ዚምራ የሚባሉ ታላቅ የአይሁድ ሕግ ሊቅ ነበሩ፤ በሕግ መጻሕፍት ራድባዝ በሚለው አጭር ስማቸው ይታወቃሉ። ወደ እርሳቸው ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ከሐበሻ ምድር በምርኮ ስለ መጣች አንዲት ሴት ነበር። አንድ አይሁዳዊ ገዝቷት ኖሮ ከእርሱ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አድጎ ከማኅበረሰቡ ሚስት ሊያገባ ሲፈልግ ዳኞቹ ተቸገሩ። እናቲቱ ማን ናት? በአገሯ ባል ነበራትን? ባሏ በሕይወት ካለ የልጁ ዕጣ ምን ይሆናል? ሴቲቱ ተጠየቀች፤ መለሰችም። ባል ያገባች ሴት እንደ ነበረች፣ ጠላት ድንገት ደርሶ በጸሎት ቤት የነበሩትን ወንዶች እንደ ገደለ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ማርኮ እንደ ወሰደ ተናገረች። ራድባዝም በዚህና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ሲጽፉ ከዚያ አገር የሚመጡት ሰዎች ያለ ጥርጥር የእስራኤል ልጆች፣ ከዳን ነገድ የሆኑ ናቸው ብለው ወሰኑ።

ጉዳዩን ልብ በሉት። ይህች ሴት ባሪያ ሆና ተሸጣለች፤ ቋንቋው ባዕድ በሆነ አገር ትኖራለች፤ ሰነድ የላትም፤ ወገን የላትም። የቀራት ሀብት የምታውቀው ነገር ብቻ ነው። ማን እንደ ሆነች፣ በምን ሥርዓት እንዳገባች፣ ወገኖቿ በምን እምነት እንደሚኖሩ ታውቃለች። የሕግ ሊቁ ፍርዳቸውን የሠሩት በዚህ ምስክርነት ላይ ነው። ስሟ በዚህም ጽሑፍ የለም።

በቋንቋችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት አለ። ልጅ ሆኜ በሸንጎም በሠርግም ሰምቼዋለሁ፤ ሴቶች ራሳቸው ሲሉትም ሰምቻለሁ። ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቃለች፤ ዕውቀቷ ግን ወንድ ካልፈጸመው አይቆጠርም ይላል። በካይሮ የሆነውም ይኸው ይመስላል፤ ምስክርነቱ የእርስዋ፣ መጽሐፉ የሊቁ። እኛ የታሪክ መምህራንም ከዚህ ተረት ያልወጣን እንመስለኛለን። ወንድ የጻፈውን ምንጭ እንለዋለን፤ ሴት የምትናገረውን ደግሞ ጨዋታ።

ወደ ቤተሰቡ ሕይወት እንግባ። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤተ እስራኤልን የቤት ሥርዓት በዝርዝር የገለጹት በአብዛኛው ከ18ኛው መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ተጓዦችና የ20ኛው መቶ ዓመት አጥኚዎች ናቸው። ያዩትን እንዳለ ወስዶ ወደ 15ኛው መቶ ዓመት መጫን ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ሥርዓቱ የተመሠረተባቸው መጻሕፍት በመካከለኛው ዘመን በግእዝ ነበሩ፤ ኦሪት ነበረ፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ነበረ። ስለዚህ በመጽሐፉ ትእዛዝና በኋላ ዘመን በታየው ልማድ መካከል ስምምነት ስናገኝ በመካከል ያሉትን ትውልዶች ያገናኛቸው ምን እንደ ነበረ መጠየቅ እንችላለን። እኔ እስከማየው ድረስ ያገናኛቸው በአብዛኛው የሴቶች እጅና አንደበት ነው። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው የቀን አቈጣጠር ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ወንድ የወለደች ሴት እስከ 40 ቀን፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን እንድትለይ ያዝዛል። ኩፋሌም ይህንን ሕግ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡበት ቀን ጋር ያያይዘዋል። ቤተ እስራኤል ትእዛዙን በጥብቅ ፈጽመውታል። አራስ በአራስ ጎጆ፣ የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ደግሞ «የመርገም ጎጆ» በሚባለው ለ7 ቀን ተለይታ ትቆያለች፤ ቀኑ ሲፈጸም በወራጅ ውኃ ታጥባ፣ ልብሷን አጥባ፣ ፀሐይ ሲጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጎጆዋ ሸክም ነበረች፤ ብርድም ብቸኝነትም ነበረባት፤ ስሟ ራሱ ከባድ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ አንዳንድ እናቶች ደግሞ ከሥራ ያረፉባትና ከእኩዮቻቸው ጋር የተጫወቱባት ቦታ እንደ ነበረች ያስታውሳሉ። ሁለቱንም መስማት አለብን። እኔ የማተኩረው ግን በሌላ ነገር ላይ ነው። ቀኑ መቼ እንደ ጀመረ የምታውቀው፣ የምትቈጥረውም፣ «ተፈጽሟል» የምትለውም ሴቲቱ ናት። ካህኑ ሕጉን ያነባል፤ በተግባር የሕጉ ፍጻሜ በእርስዋ ቈጠራና እውነተኛነት ላይ የቆመ ነው። የማኅበረሰቡ ንጽሕና ሁሉ ፊደል ባልቈጠረች ሴት የቀን ቈጠራ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ሰንበት ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድ ከኦሪት ቀጥሎ እጅግ ከሚከበሩት መጻሕፍት አንዱ «ትእዛዘ ሰንበት» ይባላል። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት በሴት አካል የተመሰለች ናት፤ በእግዚአብሔር ፊት ትቆማለች፤ መላእክት ያጅቧታል፤ ስለ ነፍሳትም ትማልዳለች። መጽሐፉን የሚያነብቡት ካህናትና መነኮሳት ናቸው፤ ሰንበትን በቤት የምትቀበላት ግን ሴቲቱ ናት። በዓርብ ውኃው ይቀዳል፣ እንጨቱ ይሰበራል፣ «በረከቴ» የሚባለው የሰንበት ዳቦ ይጋገራል፣ ገላ ይታጠባል፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማንደድም፣ ውኃ መቅዳትም የለም። ልጁ ሕጉን ከመስማቱ በፊት ምድጃው ሲቀዘቅዝ ያያል፤ እናቱ በዕለቱ ውኃ እንደማትወርድ ያውቃል። ካህኑ በጸሎት ቤት የሚያነብበው እናቱ በጓዳ አስቀድማ ያስተማረችውን ነው።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። ከርስት የተነቀለው ሕዝብ ኑሮውን በእጅ ሥራ ላይ መሠረተ፤ ወንዱ በብረትና በሽመና፣ በኋላም በግንበኝነት፣ ሴቷ በሸክላ። ከፋሲካ በፊት ሴቶቹ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ ይተካሉ፤ እርሾ የነካው ነገር በቤት እንዳይቀር። ቂጣው በአዲስ ምጣድ ይጋገራል። ይህ ማለት በዓሉ እንዲከበር አስቀድሞ የአፈሩን ዓይነት፣ የማቡካቱን ልክ፣ የእሳቱን መጠን የምታውቅ ሴት ታስፈልጋለች ማለት ነው። ይህንንም ዕውቀት የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጭቃውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትማረዋለች።

ከእነዚህ ጋር ጋብቻን ልጨምር። በቤተ እስራኤል ልማድ እስከ 7 ትውልድ የሚቈጠር ዘመድ አይጋባም። ማኅበረሰቡ ትንሽ፣ መንደሮቹም የተበታተኑ ሲሆኑ ይህን ሕግ መጠበቅ ታላቅ የትዝታ ሥራ ይጠይቃል፤ የማን አያት የማን እኅት እንደ ነበረች የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በሠርጉ ዕለት ቀይና ነጭ ክር በሙሽራው ግንባር ላይ ይታሰራል፤ ይህም ሥርዓት «ቀሸራ» ይባላል። ክሩ ከመታሰሩ በፊት ግን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘር ሲቈጥሩ ከርመዋል። በካይሮ ዳኞች ፊት የቆመችው ሴት ስለ ጋብቻዋ ተጠይቃ መመለስ የቻለችው የወጣችው ከእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበሩ አይሁዳውያት ሴቶች እንዴት ነበሩ? በ11ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በፈረንሳይ ትርዋ ከተማ የታላቁ ተርጓሚ የራሺ ሴቶች ልጆች በዕውቀታቸው ይነሣሉ። በ12ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው የሳሙኤል ቤን ዓሊ ልጅ ኦሪትንም ታልሙድንም ታውቅ ነበር፤ የጎበኛት ተጓዥ እንደ ጻፈው በመስኮት ሆና ታስተምራለች፣ ተማሪዎቹም ከታች ሆነው ሳያዩዋት ይሰማሉ። በጀርመን ዎርምስ ከተማ ዶልቼ የምትባል ሴት ነግዳ ቤቷንና የባሏን ተማሪዎች ትመግብ፣ ሴቶችን ጸሎት ታስተምር ነበር፤ በ1196 ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ተገድላለች። እርስዋን የምናውቃት ባሏ ኤልዓዛር የሐዘን ግጥም ስለ ጻፈላት ነው። ወደ ማይሞኒደስ ካይሮ ስንመጣ ደግሞ ባሏ እየተዋት ይሄድ የነበረች አንዲት እናት ከወንድሟ ጋር ሕፃናትን መጽሐፍ እያስተማረች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ባሏ ተመልሶ ማስተማሩን እንድትተው ጠየቀ። ማይሞኒደስ ባልየው ሊከለክላት እንደሚችል ፈረዱ፤ ነገር ግን በሕጉ መንገድ ፍቺ አግኝታ የራሷ ሴት እንድትሆን፣ የወደደችውንም እንድታስተምር የሚያስችላትን በር አመለከቷት።

ይህንን የምጠቅሰው የእነርሱን ልቀት፣ የእኛን ጉድለት ለማሳየት አይደለም። እነዚያ ሴቶች ፊደል ቢያውቁም ዕውቀታቸው በመስኮት መጋረድ፣ በባል ፈቃድ መታጠር፣ በሐዘን ግጥም መታወስ ነበረበት። የእኛዎቹ ደግሞ ፊደል ሳይሰጣቸው ሕጉን ተሸከሙት። የሁለቱንም ስም የምናገኘው አንድ ወንድ ሊጽፍ ሲወድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልገሥጽ። የተነፈገን ነገር በማድነቅ መሸፈን ቀላል ነው። የቤተ እስራኤል ሴት ኦሪትን እንድታነብብ አልተፈቀደላትም፤ ቄስ ወይም ደብተራ አትሆንም፤ በልጅነቷ ትዳራለች። ሸክላ የሠራችው ጥበቡን ስለ ወደደች ብቻ ሳይሆን ርስት ስለ ተነፈገች ነው። ከዚያም የሸክላና የብረት ሥራዋና ሥራው ምክንያት ሆኖ ጎረቤት «ቡዳ» አላቸው። በሸክላዋ ወጥ እየሠራ፣ ዓይኗን ፈራ።

ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የምመለሰው በዚህ ነው። እናቴ በቡታጅራ ገበያ ጀበና ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጥ ነበር፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይለያል። ከሻጯ ጋር ትጫወታለች፣ ትሥቃለች፣ ዋጋ ትከራከራለች። ነገር ግን ያች ሸክላ ሠሪ ቤታችን ብትመጣ ከደጅ አታልፍም ነበር። ከእኛ ጋር አትጋባም፤ ከእኛ ጋር አትበላም። በአካባቢያችን ለእነዚህ የእጅ ባለሙያዎች የተሰጠውን ስም እዚህ አልጠራውም፤ ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀበናዋ ከእሳቱ አጠገብ፣ እርስዋ ከደጅ ውጭ። ስለ ስሜንና ስለ ወገራ ያነበብሁትን ያለ አስተርጓሚ የተረዳሁት ይህንን በልጅነቴ ስላየሁ ነው።

ሌላም ነገር አለን። በ19ኛው መቶ ዓመት የጉራጌ ሴቶችን አስተባብራ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ መብት በጆካ ሸንጎ ፊት የተሟገተችው የቃቄ ውርድወት የእኛ ናት። የንጉሥ ዜና መዋዕል አልጻፋትም። ስሟን እስከ ዘመናችን ያደረሱት በቃል የሚተርኩ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፍና ቴአትር የመጣው በኋላ ነው። የሠርጸ ድንግል ጸሐፊ የዚያችን ሴት ሥራ መዝግቦ ስሟን ጣለ፤ ፊደል ያልነበረው አንደበት ግን የውርድወትን ስም ጠበቀ። የተጻፈ ሁሉ ሙሉ፣ ያልተጻፈ ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አልፈልግም።

የካይሮዋን ሴት ነገር ልቋጭ። ራድባዝ ከሞቱ ከ400 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የእስራኤል የሰፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲወስኑ ከተደገፉባቸው ማስረጃዎች አንዱ የራድባዝ ፍርድ ነበር። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ለእነርሱም እንዲሠራ ተቀበለ። ከዚያ የሱዳን በረሃ ጉዞ፣ የ1984ቱ ዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች የተወሰዱበት ዘመቻ ሰሎሞን መጣ። ለዚህ ሁሉ ብዙ ምክንያት አለው፤ ፖለቲካም፣ ጦርነትም፣ ረኃብም። በሕጉ መሠረት ሥር ግን በባርነት የተሸጠች፣ የተጠየቀችውን የመለሰች አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች። አንድ ሰው «ምንጭሽ ምንድን ነው?» ብሎ ዝም አላሰኛትም። ጠየቃት፤ መልሷንም ጻፈ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ በመነሣት የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። በእረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ የነገሩን ስም እነርሱ እንደሚጠሩት ጻፉት፤ ወደ አማርኛ የምትመልሱት ኋላ ነው። የሰማችሁትን ደግሞ እንደ ማንኛውም ምንጭ መርምሩት፤ ሌላዋን እናት ጠይቁ፣ አስተያዩ። ዜና መዋዕል ሊዋሽ እንደሚችል ሁሉ አያትም ልትረሳ ትችላለች። የሸክላ ሠሪዋንም ቤት አትለፉ፤ ግቡ፣ ቡና ጠጡ፣ ተማሩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ስማቸውን ጠይቁ፤ ከፈቀዱም ከነአባት ስማቸው በጽሑፋችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩት።

ያች ተማሪ ዛሬ በሌላ ከተማ ታስተምራለች። ይህንን ንግግር ሳዘጋጅ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የአያቷንም ስም ጠየቅኋት። ነገረችኝ፤ በማስታወሻዬም ጻፍሁት። ስለ እንሰቱ ልጠይቃቸው የምችለው ሰው ግን የለም።